ይራመዳል፣ ይበላል፣ ግን እሱ አይደለም፦ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ስለ ካሳና ስለ ማገገም

ጥያቄው፦ «ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ከ7 ወር በፊት አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ሲሻገር ሚኒባስ ገጨው። 11 ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። ተመስገን፣ ተርፏል። አሁን ይራመዳል፣ ይበላል፣ ያወራል። ግን እሱ አይደለም። ይረሳል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ሥራ ሞክሮ በ3ኛው ቀን ተመለሰ። የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ ልኮ ‹80,000 ብር ልስጣችሁና ከዚህ በኋላ ላትጠይቁኝ ፈርሙልኝ› ይላል። ከዜብራ ውጭ ስለተሻገረ ጥፋቱ የራሱ ነው ይሉናል። ወንድሜም ‹ልፈርምና ይለቅ› ይላል። እናቴ ደክሟታል። ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ እንኳን ነፍሱ ተረፈች። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ወረቀቱን አትፈርሙ። 80,000 ብር ትንሽ ነው ወይስ ብዙ የሚለውን ገና አልነገርኩሽም። ወንድምሽ ምን እንዳጣ ገና ስላልታወቀ ነው።

እኔ ጠበቃ ነኝ። የአካል ጉዳት ካሳ ጉዳዮችን ስይዝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ባጃጅ ሹፌር ጉዳይ ይዤ ነበር። እሱም ጭንቅላቱን ነበር የተመታው። በ4ኛው ወር ቆሞ ሲሄድ፣ ሲስቅ አየነው። ደህና ሆነ ብለን ተስማማን። ገንዘቡ ለዚያን ጊዜ ጥሩ ገንዘብ ነበር፤ ቤተሰቡም መርቆኝ ሄደ። በ9ኛው ወር አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። የሚጥል በሽታ ጀመረው። ባጃጅ መንዳት በዚያው ቀረ። ስምምነቱን ለማፍረስ ብዙ ደጅ ጠናሁ፤ አልሆነም። ይህን የምነግርሽ እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ ነው።

ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚጥል በሽታ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሕጉ ደግሞ እርቅን አጥብቆ ይይዛል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተዋዋዮች በነገራቸው ላይ የጨረሱት እርቅ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። «ያኔ አላወቅንም ነበር» ብሎ መመለስ በጣም ከባድ ነው።

አሁን ወደ ዜብራው። ሽማግሌዎቹ የነገሯችሁ ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። እሱ ራሱ ባይነዳውም፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። መኪናዬ ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካላስረዳ በቀር። ቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም» በማለት ብቻ ነፃ እንደማይወጣ ይናገራል። ኃላፊነቱ የሚቀረው ወይም የሚቀንሰው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከዜብራ ውጭ መሻገሩ ከተረጋገጠ ካሳው ሊቀነስ ይችላል። በፍጥነት ሲነዳ የነበረ ሚኒባስ ገጭቶት ከሆነ ግን «ጥፋቱ የራሱ ብቻ ነው» የሚለው አይሄድም። የትራፊክ ፖሊሱ የሠራውን የአደጋ ፕላንና ሪፖርት ኮፒ አውጪ። የፍሬን ምልክቱ ስንት ሜትር ነው? መኪናው የት ቆመ? ወንድምሽ የት ወደቀ? ክርክሩ የሚያልቀው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

የወንጀሉ ጉዳይ ለብቻው ነው። ከባድ የአካል ጉዳት ሲደርስ ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እናንተ ስለታረቃችሁ ብቻ አይቆምም። እርቅ ቅጣት ሊያቀልል ይችላል፤ ሽማግሌው በብዛት የሚቸኩለውም ለዚህ ነው። ሹፌሩን አትጥሉት። እሱም ቤተሰብ አለው። ግን የእሱ ቀጠሮ ደረሰ ተብሎ የወንድምሽ የዕድሜ ልክ ጉዳይ አብሮ መዘጋት የለበትም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ፤ ኢንሹራንስ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ስቲከር እሱ ነው። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ጣሪያው ሊሻሻል ስለሚችል አደጋው በደረሰበት ቀን ስንት እንደነበር ኢንሹራንሱን ጠይቁ። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ጣሪያው ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ጣሪያ እንጂ የወንድምሽ ካሳ ጣሪያ አይደለም። ከዚያ በላይ ያለውን ባለንብረቱ ይከፍላል። «ኢንሹራንስ ከከፈለ አበቃ» የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። (ይህን የምታነቡና ገጪው ያመለጠባችሁ ወይም መኪናው መድን የሌለው ሌሎች ሰዎችም ካላችሁ፣ ለእናንተ የመድን ፈንድ አለ። የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ዘንድ አመልክቱ።)

አሁን ስለ ገንዘቡ እናውራ፤ ይህ ሰፋ ይላል።

ብዙ ቤተሰብ ካሳ ማለት ለደረሰው ስቃይ የሚከፈል ይመስለዋል። በእኛ ሕግ እንደዚያ አይደለም። ለኅሊና ጉዳት የሚፈቀደው ካሳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የወንድምሽ የሰባት ወር ስቃይ በሕግ ዓይን ቢበዛ 1,000 ብር ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ መሻሻልም አለበት ብዬ አምናለሁ። ግን እስኪሻሻል ድረስ መንገዱ ሌላ ነው፦ ወንድምሽ ያጣውን ሁሉ ወደ ቁሳዊ ጉዳት ቀይሮ ማስረዳት። ያጣው ገቢ፣ ለሕክምና የወጣው፣ ወደፊት የሚወጣው፣ እሱን ለመጠበቅ እናትሽ የተዉት ሥራ። ቁጥር 2091 ካሳው ከጉዳቱ እኩል ይሁን ይላል። ቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካስ ይላል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው የእናንተ ጉልበት።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይሽ። ወንድምሽ በወር 12,000 ብር ያገኝ ነበር እንበል። እስከ 60 ዓመቱ 29 ዓመት ይሠራ ነበር። 12,000 በ12 ወር፣ በ29 ዓመት ሲባዛ 4,176,000 ብር ይሆናል። የሕክምና ቦርድ (የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስኑ ሐኪሞች) ዘላቂ ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ካለ 1,670,400 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤት ይህን እንዳለ አይቀበልም፤ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ልክ ይቀንሳል፣ የጥፋት ድርሻም ካለ ያነሳል። ቢሆንም 80,000 ብርን ከዚህ ጎን አስቀምጪና እዪው።

ያች 40 በመቶ ከየት ትመጣለች? እጅ የተቆረጠ ሰው እጁ ይታያል። የጭንቅላት ጉዳት ግን አይታይም። ቦርዱ ፊት ወንድምሽ ተራምዶ ይገባል፣ ስሙን ይናገራል፣ ሰላምታ ይሰጣል። «ደህና ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የማንኛችንም አፍ እንደዚያ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ እናንተ የማታዩትን ሳይሆን የምታዩትን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ።

አንድ አናጢ ደንበኛ ነበረኝ። ፍርድ ቤት ቆሞ የተጠየቀውን ሁሉ አሳምሮ መለሰ። የተከሳሽ ጠበቃ ተነስቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ እንደምናየው ጤነኛ ነው» አለ። ከዚያ እናቱ ምስክር ሆነው ቆሙ። ከነጠላቸው ሥር አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጡ። እኔ ነበርኩ እንዲጽፉ የነገርኳቸው፤ ግን እንዲህ አድርገው ይጽፋሉ ብዬ አልጠበቅኩም። «ጥቅምት 14። ሽሮ ጥዶ ወጣ። ድስቱ አረረ። ስጠይቀው እኔ አልጣድኩም አለ።» «ጥቅምት 19። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ መንገድ ጠፋው። የጎረቤት ልጅ ይዞት መጣ።» «ኅዳር 2። ሕፃኗ ጮክ ብላ ስትስቅ ጆሮውን ይዞ ጮኸባት። ማታ ብቻውን አለቀሰ።» «ኅዳር 11። ወንበር ሊሠራ ጀመረ። ሦስቱን እግር በአንድ ልክ ቆረጠ፤ አራተኛውን አሳጠረው። እንደገና ቆረጠ። እንደገና አሳጠረው። እንጨቱን ወርውሮ ተኛ።» ዳኛዋ ደብተሩን ተቀብለው ገጽ በገጽ አነበቡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የወንበሩ እግር ከማንኛውም ሲቲ ስካን በላይ ተናገረ፤ ምክንያቱም አናጢው ምን እንዳጣ በቁሙ አሳየ።

እህቴ፣ ዛሬውኑ ደብተር ግዢ። ቀኑን፣ የሆነውን፣ ማን እንዳየ ጻፊ። «ይበሳጫል» ብለሽ አትለፊው፤ በምን ተበሳጨ፣ ምን አደረገ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ ብለሽ ጻፊ። ሒሳብ ሠራተኛ ስለነበር ሥራ የሞከረባቸውን 3 ቀናት በተለይ ጻፊ። ምን ፋይል ከፈተ? የት ላይ ተሳሳተ? አለቃው ምን አለው? ከቻልሽ አለቃውን በደብዳቤ እንዲያስረዳ ጠይቂው። ጥሩ ቀን ሲሆንም ጻፊ። ጥሩውን የደበቀ ደብተር አይታመንም።

ወረቀት በኩል ደግሞ የሆስፒታሉን ካርድ ኮፒ ጠይቁ። ሲገባ ጂሲኤስ የሚባል ቁጥር ተመዝግቦለት ይሆናል፤ ከ3 እስከ 15 የሚሰጥ የንቃት መለኪያ ነው። 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። ከሲቲ ስካኑ ውጤት ጋር ተያይዞ ትልቅ ማስረጃ ነው። ቦርድ ከመቅረቡ በፊት የነርቭ ሐኪምና የሥነ አእምሮ ሐኪም ያየው ዘንድ አድርጉ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ አትደንግጡ። የአንጎል ጉዳት ጠባይን፣ ትዕግሥትን፣ ትውስታን ይነካል፤ ያን የሚመዝን ሐኪም ካልጻፈው ቦርዱ እግርና እጅ ብቻ ቆጥሮ ይሸኛችኋል። መድኃኒት ስትገዙ ደረሰኝ ያዙ። ለኮንትራት ታክሲ የከፈላችሁትን ደብተሩ ላይ ከነቀኑ አስፍሩ።

«ወንድሜ ልፈርም ይላል» ያልሽው ላይ ልቆይ። ይህ ራሱ የጉዳቱ አካል ሊሆን ይችላል። የአንጎል የፊተኛው ክፍል ሲጎዳ ሰው የነገን ማሰብ ይከብደዋል፤ የያዘው ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት ብቻ ይፈልጋል። እሱን «አንተ አታውቅም» አትበሉት። ይሰማል፣ ይጎዳል። ነገሩ ሲገለጽለት የሚረዳና መልሶ በራሱ ቃል መናገር የሚችል ከሆነ ለአንቺ ወይም ለጠበቃ ውክልና ይስጥ። ውክልናውን ለመስጠት ከመሄዳችሁ በፊት መልሱን ቤት ውስጥ ተለማመዱ ማለቴ አይደለም፤ በእርግጥ ከተረዳ ብቻ ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ፊቱን አይቶ ይጠይቀዋል፤ ካልተረዳ አይመዘግቡም፤ ባይመዘግቡም ትክክል ናቸው። በእርግጥ የማይረዳ ከሆነ ፍርድ ቤት አመልክታችሁ ሞግዚት ይሾምለት። ግን በፍርድ መከልከል ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየው መዋዋል፣ መሸጥ ይከለከላል። በሰባተኛው ወር ቸኩሎ ወደዚያ መሄድን አልወድም። በሁለተኛው ዓመት የሚመለስ ሰው ይኖራል፤ የተወሰደበትን መብት ለማስመለስ ግን እንደገና ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

ጊዜን በተመለከተ፣ ቁጥር 2143 ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው ይላል። ነገሩ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ረዘም ሲል እሱ ሊሠራ ይችላል፤ ግን በዚያ አትተማመኑ። 2 ዓመቷን ብቻ ቁጠሩ። 7 ወር ሄዷል፤ 17 ወር አላችሁ። እስከ 12ኛው ወር ሕክምናውን ተከታተሉ፣ ቦርድ አስወስኑ፣ ከዚያ ክሰሱ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው።

ግን አንድ ነገር አይጠብቅም። መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የሰሌዳ ቁጥሩን ሰጥታችሁ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ አረጋግጡ። በከተማችን ስንት ሚኒባስ በውክልና ተሽጦ ሊብሬው በድሮው ሰው ስም ይሄዳል! ሽማግሌ የላከው ሰው በወረቀት ላይ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም፣ ሹፌሩንም፣ ኢንሹራንሱንም ትከሳላችሁ። መኪናው ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከሰማችሁ ክሱን ቶሎ አቅርባችሁ እግድ ጠይቁ። አስፈርዶ የሚሸጥ ንብረት ማጣትን የመሰለ ድካም የለም።

የዳኝነት ክፍያ በጠየቃችሁት መጠን ይሰላል፤ ትልቅ ገንዘብ ነው። አቅም ከሌላችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን ሳይከፍሉ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሴት ለሆነች አቅመ ደካማ፣ ለምሳሌ ለእናትሽ የራሷ ጉዳይ ሲኖር ይረዳል። ጠበቃ ስትይዙ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ወንድምሽ ከሥራው ራሱን አያሰናብት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። ይህ ተከፍሎታል? አልተከፈለው ከሆነ እሱም ለብቻው የሚጠየቅ ነው።

ስለ ማገገም ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ ከሐኪሞችም ብዙ ተምሬያለሁ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይታያል። ከዚያ በኋላ ዝግ ይላል እንጂ አይቆምም፤ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ስለዚህ «በቃ፣ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው» አትበሉ።

ቤቱን ጸጥ አድርጉለት። ቴሌቪዥን፣ እንግዳ፣ ሬዲዮ በአንድ ላይ ሲሆኑ አንጎሉ ይደክማል፤ የሚቆጣውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን፦ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ በአንድ ሰዓት መብላት፣ ከሰዓት ማረፍ። የሚሠራውን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አልኮልና ጫት አይቅመስ። መኪና እንዳይነዳ፣ ሁለተኛ ጊዜ ጭንቅላቱን እንዳይመታ ጠብቁት። ቴሌብሩ ላይ ትልቅ ገንዘብ አትተዉለት፤ ለማያውቀው ሰው ሁሉ የላከ ልጅ አውቃለሁ። ጸበል ከወሰዳችሁት ውሰዱት፤ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታዞለት ከሆነ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም አንድ ጎኑ ከደከመ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሩጡ።

እናትሽን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አሳርፉ። አንቺ ወይም ዘመድ ተቀመጡ፤ እሳቸው ቤተክርስቲያንም ይሂዱ፣ ጎረቤት ቡና ይጠጡ። ልጃቸው እያለ የድሮውን ልጃቸውን እየናፈቁ ነው። ይህ ሐዘን ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን ነው፤ ስለዚህ እናንተው ድረሱላቸው።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ በክብር ተቀበሏቸው። ቡና አፍሉ። ከዚያ እንዲህ በሏቸው፦ «አባቶች፣ እርቅ አንጠላም። ልጃችን ገና በሕክምና ላይ ነው፤ የሕክምና ቦርድ ሲወስን አብረን እንቀመጣለን። ባለቤቱ እስከዚያ ለመድኃኒት መርዳት ከፈለገ እንቀበላለን፤ ደረሰኝ እንሰጠዋለን።» ገንዘብ ከሰጡ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ «ለሕክምና እርዳታ የተሰጠ፣ በመጨረሻው ካሳ ላይ የሚታሰብ።» «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል አንዲት ቃል ካለች እስክሪብቶውን አስቀምጡና ወረቀቱን ለጠበቃ አሳዩ።